የዘይነባ ችግር

በጃንሆይ ዘመን ነው። ከመጋላ ወደ ከዚራ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ፈረንጁ ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤቴ ዘይነባ ቤት ነው የሚውለው።»

«ምን ሊሠራ?»

«የድሃ አገር ሰው ባህልና ኑሮ ያጠናል አሉ። ችግሯን እየጠየቀ ይጽፋል።»

«የዘይነባን ችግር? ባሏ ባቡር ላይ እየሠራ?»

«እኮ! የስፌት መኪናዋን እህቷ ቤት ደብቃ፣ የተቀደደ ቀሚስ ለብሳ ነው የምትቀበለው። ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አንቺን አልጠየቀሽም?»

«በሬን እያየ ያልፋል! ባሌ የሞተብኝ እኔ፣ ቤቴን ጎርፍ የወሰደብኝ እኔ፤ መጽሐፍ ላይ የምትወጣው ግን እሷ!»

«ታዲያ አሁን ወዴት ነሽ?»

«ማረፊያው ድረስ ነዋ፣ ከዚራ። ነገ ሳይሄድ እኔንም ይጻፈኝ።»

«አቦ፣ በዚህ በሐር ሻሽና በወርቅ ጉትቻ?»

«እንግዳ ሰው ፊት ተዋርጄ ልቅረብ እንዴ?»

«እንዲህ አጊጠሽ ተቸገርኩ ብትዪው ያምንሻል?»

«ካላመነ ዘይነባን ይጠይቃት። ጎርፉ ሲመጣ ከነልጆቼ ጎትታ ያወጣችኝ እሷ ናት።»

መውረጃዬን ስናልፍ ሾፌሩን አቁም አላልኩትም።