የመሪውን ክንድ ማን አወጣው?

በእኛ ጊዜ ብዬ ልጀምር ስል አፍራለሁ፣ የሩቅ ዘመን አይደለማ። አስፋልቱ ከኢሲዮሎ በኩል ገና እየተንፏቀቀ ሲመጣ ነው፣ እዚህ በኬንያው ሞያሌ አቧራውን እንደ በሶ በምንቅምበት ጊዜ፣ የእኔም ወገብ መኪና ሥር ገብቶ መውጣት በሚችልበት ጊዜ። ታዲያ ያኔ የጋራዥ ዕቃ፣ መዶሻ በሉት መፍቻ በሉት፣ ብቻውን አይሄድም ነበር። ሰምታችኋል? ብቻውን አይሄድም! መፍቻ የሚያውስህ ሰው ከመፍቻው ጋር ራሱ ይመጣል። ስላላመነህ አይደለም፣ ክብር ነው። ዕቃውን ላክልኝ ብትለው «ዕቃዬ ወላጅ የለውም ወይ?» ይልሃል። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል። እና ዕቃው ሥራውን ሳይነካ ይዞት ከተመለሰ ነውር ነው፣ እንግዳ ጠርቶ ሳያበሉ እንደ መሸኘት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ የነገሬ ሥሩ እሱ ነው።

ታዲያ ቡቲዬ በሚባለው ሰፈር ኦቦ ዋሪዮ የሚባል ሽማግሌ አለ፣ ከብት አርቢ፣ ከእንግሊዞች ጊዜ የቀረች መኪና ነበረችው። ሰው ሁሉ «አኮ» ነው የሚላት፣ በቦረንኛ አያት ማለት ነው። እኔ ተሰድጄ የመጣሁ ጊዜ፣ ወባ ጥሎኝ መንገድ ዳር ተጋድሜ፣ አንስቶ የጫነኝ በእሷ ነው፣ ከውሃ በርሜሎች መካከል ሸጉጦ። እና እሷ ስትታመም እኔም አልተኛም።

ያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። የኦቦ ዋሪዮ ከብቶች ኡራን በሚባለው ግጦሽ ናቸው፣ ኩሬው ደርቋል፣ እና ሽማግሌው በየሦስት ቀኑ ስድስት በርሜል ውሃ አኮ ላይ ጭኖ ያደርስላቸዋል። ታዲያ አንድ ሐሙስ ባዶ በርሜሉን ይዞ ሲመለስ መሪው አልዞር ብሎት ኩይሳ ላይ ወጣ። ጎትተው እኔ ግቢ አመጡልኝ። ሥሯ ገብቼ ባይ፣ የመሪው ሳጥን ዘይቱን ጨርሶ አፍስሶታል፣ ዘይቱን የሚይዘው የጎማ ቀለበት አልቋል። ቀለበቱስ ነበረኝ፣ ከአንዲት ከሞተች መኪና ያስቀመጥኩት። ግን እሱን ለመክተት ክንዱ መውጣት አለበት። ክንዱ ማለት፣ ከሳጥኑ በታች ጥርስ ጥርስ ያለው ዘንግ ይወጣል፣ እሱ ላይ የተሰካ ብረት ነው፣ መሪውን ስታዞረው ወዲህ ወዲያ እያለ ጎማውን የሚያዞረው እሱ ነው። ዳዶውን ፈታሁት። ክንዱ ግን ንቅንቅ! የለም። ዝገቱ ከዘንጉ ጋር አጋብቶታል፣ ፍቺ የሌለው ጋብቻ።

አርብ ማለዳ ኦቦ ዋሪዮ መጣ።

«አለሙ» አለኝ፣ «ነገ ማለዳ ካልተነሳሁ፣ ከነገ ወዲያ የምሄደው ቆዳ ለመሰብሰብ ነው።»

«ትነሳለህ ኦቦ፣ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል፣ አንተስ ታውቃለህ ወይ ነው የምልህ። ሳጥኑን እንዳትሰብረው! እንደሱ ያለ ናይሮቢም የለም፣ አዲስ አበባም የለም።»

«አልሰብረውም።»

አልሰብረውም አልኩ እንጂ በምን እንደማወጣው አላውቅም። አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ ይህን የመሰለ ነገር ማውጫ ዕቃ ደግሞ በሳጥኔ የለም። እና እንደ ልማዴ እጄን ኮፈኗ ላይ ጭኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ጌታ ሆይ፣ በምን እንደማወጣው አሳየኝ» አልኩ። አሜን ሳልል፣

«ሰላም ለዚህ ቤት!»

ዓይኔን ስገልጥ ሱሌይማን ነው፣ ከኬላው ማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ የሚመጣ ነጋዴ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፏል። «ወሬው ኬላውን ከእኔ በፊት ተሻገረ» አለ፣ «ፑለር አምጥቻለሁ።» ፑለር ሁለት ጥፍር አለው፣ መሃሉ ላይ ረጅም ብሎን፤ ጥፍሩን ክንዱ ጀርባ ታስይዝና ብሎኑን ዘንጉ ላይ ስታጠብቀው ክንዱን ስቦ ያመጣዋል። እልል ልል ነበር!

«ጌታ ይባረክ!» አልኩ።

«ይባረክ፣ ፑለሩ ግን የእኔ ነው» አለ ሱሌይማን።

ታዲያ ገባሁና ሞከርኩት፣ ጥፍሩ ወፍራም ነው፣ ክንዱና ሳጥኑ መሃል አልገባ አለ። «አይገባም» ብለው «ፑለሬ ያልገባበት ቦታ የለም፣ አንተ ነህ ያልገባህ!» አለኝ። ግራ ገባኝ። ጌታ የላከው ዕቃ እንዴት አይገባም? እዚያው ሥሯ እንደተጋደምኩ «ይሄ ካልሆነ ሌላውን አሳየኝ» ብዬ ስጸልይ፣ ሁለት እግር አየሁ። ሙቱዋ ነው፣ ሄሉ የሚባለው ሰፈር መካኒክ፣ ከናይሮቢ በኩል የመጣ፣ አማርኛውን ከሻይ ቤት የለቀመ። በሁለት እጁ ሁለት መዶሻ።

«ፈንዲ!» አለኝ፣ እዚህ መካኒኩን እንደዚያ ነው የምንጠራው፣ «ፑለር ምን ያደርጋል? ሁለት መዶሻ! አንዱን ከዚህ ደግፍ፣ አንዱን ከዚያ ምታ፣ ጧ! ወጣ። ሃራካ ሃራካ፣ ቶሎ ቶሎ!»

«ሳጥኑን ቢሰነጥቀውስ?» አለ ሱሌይማን።

«እኔ ሰንጥቄ አላውቅም!»

ታዲያ እኔ ምን ልበል? ይህም በጸሎት ሰዓት ነው የመጣው፣ ያም በጸሎት ሰዓት ነው የመጣው። የቱ ነው መልሱ? ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅ ብዬ ገና «ጌታ ሆይ» ከማለቴ የአህያ ጋሪ ግቢው ውስጥ ጓ ጓ አለ። በቀለ ነው፣ በያጁ፣ አብሮኝ የተሰደደ፣ የኦክስጅን ጠርሙሱን በጋሪ ጭኖ።

«አለሙ፣ ወንድሜ፣ አትድከም፣ ብረት ቋንቋው እሳት ነው! ክንዱን ላሙቀው፣ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል።»

«አንተ ዝም በል!» አለው ሱሌይማን፣ «ያን ጊዜ የጎረቤትህን በር ልበይድ ብለህ በሩን ከመቃኑ ጋር አንድ አደረግኸው፣ ሰዎቹ እስከ ዛሬ በመስኮት ነው የሚገቡት!»

«በሩ ተሰብሮ ያውቃል?» አለ በቀለ፣ «አልተሰበረም! ጥሩ ብየዳ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጸሎቴን ለጊዜው አቆምኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ! አንድ አሜን ብጨምር መጥረቢያ የያዘ ሰው ይመጣል ብዬ።

እና ሦስቱም ተቀመጡ፣ የሦስቱም ዕቃ ፊታቸው ነው፣ ሦስቱም እኔን ያያሉ። አንዱን ባነሳ ሁለቱ ይቀየማሉ፣ እሱም ቢሆን ችግር የለም፣ ግን የቱ ሳጥኑን እንደሚያተርፍ አላውቅማ! ኦቦ ዋሪዮ ደግሞ ዱላውን ተደግፎ ፀሐይዋን ያያል፣ እኔን ያያል። በመጨረሻ ሱሌይማንን እንዲህ አልኩት፦

«ወንድሜ፣ የፑለሩን ጥፍር ትንሽ ሞርጄ ባሳሳው ይገባል።»

«ፑለሬን? ልትሞርደው?» ጨርቁን መልሶ ጎተተ። «አባቴ የተወልኝን ፑለር?»

ኦቦ ዋሪዮ ያኔ ብቻ ተናገረ፣ ቀስ ብሎ። «ሱሌይማን፣ አንዲት ላም አለችኝ፣ ነጭ ግንባር ያላት። ሐሙስ ስለያት መኪናዋን እስከ መንገዱ ተከተለችኝ፣ ባዶውን በርሜል እየላሰች።»

ሱሌይማን ጨርቁን ፈታና ፑለሩን ሰጠኝ። «ሞርደው። እኔ ግን አላይም» ብሎ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ሞረዱ ኪር ኪር ባለ ቁጥር ትከሻው ሲሰበቅ አይቻለሁ።

ታዲያ ጥፍሩ ገባ። አጠበቅኩት፣ አጠበቅኩት፣ ክንዱ አልወጣም። ሙቱዋ በመዶሻዎቹ ጎንና ጎኑን መታልኝ፣ ጧ ጧ፣ አልወጣም። ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን በቀለ ክንዱን ትንሽ አሞቀልኝ፣ አልወጣም። የፑለሩ ብሎን ተወጥሮ እንደ ክራር ይዘፍናል። አንድ ዙር ብጨምር ሳጥኑ ይሰነጠቃል ብዬ መፍቻውን ለቀቅኩት፣ እነሱ ግን ከላይ «ጨምር!» «ምታ!» «ላሙቀው!» ይሉኛል፣ የቱን ልስማ?

ይሄኔ የኦቦ ዋሪዮ ሚስት አዴ ዲማ ሻይ በፔርሙዝ ይዛልን መጣች፣ ጎንበስ ብላ እኔን ከመኪናው ሥር አየችኝና እነሱን አየቻቸው። «አንድ ብረት ለማዋለድ አምስት ወንድ!» አለች። «ላም ምጥ ላይ ሆና እንዲህ ቢጮህባት ጥጃዋን መልሳ ነው የምትውጠው። ተወጥሯል አይደል? በቃ ተዉት። ውጡና ተዉት።»

ማን ይሰማታል? ደግነቱ የአርብ አዛን ተሰማ። ሱሌይማንና ኦቦ ዋሪዮ መስጊድ ሄዱ፣ ሙቱዋና በቀለ ባቄላና ቻፓቲ ፍለጋ ወጡ፣ አዴ ዲማ በርሜሎቿን ልታስሞላ ሄደች። ሦስቱም ግን ከበሩ ዞር ብለው «እስክመለስ እንዳትነካ!» ብለውኛል። አልነካሁም። ብቻዬን ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። «ጌታ ሆይ» አልኩ በፍርሃት፣ «ሰው ላክልኝ አላልኩህም፣ ዕቃ ነው ያልኩህ። አሁን የኦቦን ከብቶች አስባቸው፣ ሌላ አልጠይቅህም። አሜን።»

እና ግቢው ዝም አለ። ዝንቡም ዝም አለ። ከዚያ፣

ጧ!!!

ጥይት መሰለኝ! መሬት ላይ በደረቴ ወደቅኩ፣ ኢየሱስ ኢየሱስ እያልኩ፣ አጥር ድረስ ዳኽሁ። ሰው የለም፣ ጩኸትም የለም። ዞር ብዬ ባይ፣ መኪናዋ ሥር ክንዱ ከነፑለሩ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሳጥኑን ዳበስኩት፣ ደህና ነው። አለቀስኩ፣ አልዋሻችሁም።

ሲመለሱ ታዲያ ማን ያስችላቸው!

«ፑለሬ!» አለ ሱሌይማን፣ «ሞርደኸውም ቢሆን!»

«መዶሻ ነው!» አለ ሙቱዋ፣ «እኔ አላልኩም? ዝገቱን ማን ነቀነቀ?»

«እሳቱ ሲበርድ ነው የለቀቀው፣ ብረት እንደዚያ ነው!» አለ በቀለ።

አዴ ዲማ ሻዩን ቀዳችላቸው።

እኔ ቀለበቱን ከትቼ፣ ዘይት ሞልቼ፣ ክንዱን አንስቼ ልመልሰው ስል ሙቱዋ «ፈንዲ፣ ምልክቱ የት ነው?» አለኝ። ክንድ ከመውጣቱ በፊት ዘንጉና ክንዱ ላይ ጫር ይደረጋል፣ በየትኛው ጥርስ እንደተቀመጠ እንዲታወቅ። ጀማሪ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም ሃያ ዓመት ስጭር ኖሬአለሁ። ያን ቀን እንግዳ ሳስተናግድ፣ ይህን ዕቃ ሳከብር ያንን ሳከብር፣ ረሳሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

«እንዲህ ነበር» አለ ሱሌይማን ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ። «የለም፣ እንዲህ ነው» አለ በቀለ ወደ ጎን። ሙቱዋ ደግሞ በመሃላቸው። በግምት ሰካሁት፣ ዳዶውን አጠበቅኩት። መሪውን ወደ ቀኝ ባዞረው እስከ ጥጉ ሄደ፣ ደስ አለኝ። ወደ ግራ ባዞረው ግማሽ ላይ ቀጥ! አለ።

«ፑለሩን ስጠኝ፣ ክንዱን መልሼ ላውጣና ጥርስ ላሻግረው» ልል ዞር ብል፣ ሱሌይማን የለም። ኬላው ሊዘጋበት ነው፣ ፑለሩን ታቅፎ ሄዷል። ዕቃ ብቻውን አያድርም አላልኳችሁም?

ኦቦ ዋሪዮን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «ኦቦ» አልኩት፣ «ግራ አትዞርም። ግማሽ ብቻ ነው።»

መሪውን እሱም ሞከረ፣ አሰበ። «ውሃውን ጫኑ» አለ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሄደ። እሑድ ከጸሎት ስወጣ አኮ በር ላይ ቆማለች፣ በርሜሉ ባዶ፣ ሽማግሌው አቧራ ለብሶ።

«ከብቶቹስ?» አልኩት።

«ጠጡ። ነጭ ግንባሯም ጠጣች።»

«ግራ መታጠፊያው ላይ እንዴት ሆንክ?»

«በቀኝ ዞሬ መጣሁበት። ሜዳው ሰፊ ነው።»

እንደዚያ እያለ ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ አመላለሰላቸው፣ ወደ ግራ መታጠፍ ሲያስፈልገው ጉብታውን ሁሉ በቀኝ እየዞረ፣ ሰው ሁሉ «ኦቦ ዋሪዮ መንገድ ጠፋው» እያለ። እኔ ግን አልተኛ አለኝ፣ አንድ ቀን ቡቲዬ ሄጄ «ኦቦ፣ ሱሌይማንን ላስጠራና ጥርሱን ላስተካክልልህ፣ አሁን ዝገቱ ለቋል፣ በቀላሉ ይወጣል» አልኩት። ከተቀመጠበት ብድግ አለ!

«እንዳታደርገው! ሱሌይማን ሲመጣ ሙቱዋ ይሰማል፣ ሙቱዋ ሲሰማ በቀለ አህያውን ይጭናል። ድርቁን ያመለጡ ከብቶቼን እናንተ ልትጨርሷቸው ነው?»

እና እንደዚያው ቀረች። እኔም እስከ ዛሬ ፑለሩ ይሁን፣ መዶሻው ይሁን፣ እሳቱ ይሁን አላውቅም። ጸሎቴ ነው እንዳልል ጌታን እፈራለሁ፣ አይደለም እንዳልልም እሱኑ እፈራለሁ።

«አባባ፣ እኔ ግን ያወጣችው አዴ ዲማ ናት ነው የምለው። ተዉት ያለችው እሷ ናት።»

ይኸው! አንተ ልጅ፣ አንተም እንደ እነሱ መጣህ! ሃ ሃ ሃ... ና ተቀመጥ በል፣ ሻይ ቅዱለት። ዕቃህስ የታለ?