የስምንት ሰዓቱ ተረኛ

ኅዳር 18 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ከቀትር በኋላ፣ አቃቂ፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር መሪነት ተነሥቶ የምክር ቤት አባል እስከ መሆን የደረሰው ደቻሳ፣ በሰባ ዓመቱ፣ ከጎኑ ባለው ማሽን ይሠራ በነበረው በወልደሰንበት ደጃፍ ቆሟል።

ደቻሳ፦ አንድ ጊዜ መጥተህ የአረጋሽን እጅ ብቻ እይልኝ ነው የምልህ። ከዚያ በኋላ ደጄን ባትረግጥ አልቀየምም።

ወልደሰንበት፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ክቡርነትዎ። እርስዎ ደግሞ ሐኪም አያጡም።

ደቻሳ፦ ተው፣ ወልዴ። እርስዎ አትበለኝ።

ወልደሰንበት፦ በሹመት የሰጠነውን አክብሮት በሽረት መንጠቅ ነውር መስሎኝ ነው።

ደቻሳ፦ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይባላል። አልበላሁም፤ የሚቆጨኝም እሱ አይደለም። አረጋሽ ልትሞትብኝ ነው።

ወልደሰንበት፦ ሰምቻለሁ። አንደበቷን ያዘው አሉ።

ደቻሳ፦ ግማሽ አካሏንም። የቀረቻት ግራ እጇ ናት። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት ካሉን ወዲህ፣ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ መዳፏን ትዘረጋና ዓይን ዓይኔን ታያለች። ውሃ አመጣለሁ፤ ፊቷን ታዞራለች። ትራሷን አቃናለሁ፤ ታዞራለች። ልጆቻችን የያንዳንዱን ሰው ስም እየጠሩ ጠየቋት። ቄሱም መጡ። እጇ ግን አይታጠፍም።

ወልደሰንበት፦ እንዴት አድርጋ ነው የምትዘረጋው?

ደቻሳ፦ እንዲህ። ወደ ላይ ገልብጣ፣ ጣቶቿን ገጥማ።

ወልደሰንበት፦ በስምንት ሰዓት።

ደቻሳ፦ በስምንት ሰዓት። በማሽኖቹ ጩኸት ውስጥ በእጅ እንነጋገር የነበረው ትዝ አለኝና ወደ አንተ መጣሁ። "ክር ተበጠሰ"፣ "ካቦ መጣ"፤ እነዚህን አልረሳሁም። ይህችን ግን ረስቻታለሁ።

ወልደሰንበት፦ አልረሷትም። አልተማሯትም።

ደቻሳ፦ በዚያ ማሽን ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ እኮ!

ወልደሰንበት፦ ሠርተዋል። ስንት ሰዓት ላይ ነበር የሚገቡት?

ደቻሳ፦ የከሰዓቱ ፈረቃ ነበርኩ። ግን ስብሰባ ነበረብኝ። ማኅበሩን ገና ስናቋቁም...

ወልደሰንበት፦ ስብሰባ ነበረብዎ። እሷ የጠዋቱ ፈረቃ፣ እርስዎ የከሰዓቱ፣ ማሽኑ አንድ። ስምንት ሰዓት ላይ ፊሽካ ይነፋል፤ ማሽኑ ግን አይቆምም። ወጪው ተረኛ መዳፉን ይዘረጋል። "ያልተቋጠረ ክር አልተውኩም፤ ተቀበለኝ" ማለቱ ነው። ገቢው መዳፉን በመዳፉ ላይ ያሳርፋል። ወጪው የሚሄደው ያን ጊዜ ነው። መልስ ሳያገኝ ማሽኑን ትቶ የሄደ ሰው አላየሁም።

ደቻሳ፦ ለእኔ ዘርግታልኝ አታውቅም።

ወልደሰንበት፦ ለማን ትዘርጋ? እርስዎ አዳራሽ ውስጥ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሲሉን፣ እሷ ድሩ ፊት በእርስዎ ተራ ቆማ ነበር። እየሮጡ ይመጡና ገፋ አድርገው ማሽኑን ይይዛሉ፤ እጇን አያዩም። የመጀመሪያ ልጃችሁን አርግዛ እግሯ ባበጠ ጊዜ፣ እኔ ተሻግሬ መዳፌን አሳረፍኩላት። ሁለቱንም ማሽን ጠበቅሁ።

ደቻሳ፦ አልነገረችኝም።

ወልደሰንበት፦ "ለሁላችን ብሎ ነው የሚሮጠው" አለችኝ፤ በእጇ። ከዚያ ታሰሩ፤ ቤቱን ይዛ ቆመችልዎ። ተፈቱ፣ ተመረጡ፤ ቆመችልዎ። ፋብሪካው እንዲሸጥ ምክር ቤት ውስጥ እጅ በተነሣ ጊዜ፣ የእርስዎንም እጅ በቴሌቪዥን አየናት። ከሥራ ስንሰናበት በየደጃችን ዞራ ያለቀሰችው እሷ ናት።

ደቻሳ፦ ለዚያ ምሕረት ልለምን አልመጣሁም።

ወልደሰንበት፦ አውቃለሁ።

ደቻሳ፦ እንግዲያው ና። እንደ ድሮው ስለ እኔ መልስላት። አንተን ታውቅሃለች።

ወልደሰንበት፦ የዛሬው ፈረቃ ምትክ የለውም። ደግሞስ ምን የሚከብድ ነገር አለው? መዳፍ ማሳረፍ ነው።

ደቻሳ፦ ካሳረፍኩ ትሄዳለች አልክ።

ወልደሰንበት፦ ብያለሁ።

ደቻሳ፦ ካላሳረፍኩስ? ትቆይልኝ ይሆናል።

ወልደሰንበት፦ ትቆይልሃለች፣ ደቻሳ። አርባ ዓመት እንደቆመችልህ፤ እግሯ እንዳበጠ።

ደቻሳ፦ ...ስንት ሰዓት ሆነ?

ወልደሰንበት፦ ስምንት ሊሆን ነው። ሂድ፣ ወንድሜ። ዛሬ እንኳ አታርፍድባት።