የታሰረችው ግራ እጅ

ብረት በብረት ሲመታ ተሰማ፤ ወዲያው የሕፃናት ድምፅ በአንድነት «ሀ! ሁ! ሂ!» እያለ ከአጥሩ ውስጥ ወጣ። አዋሽ ላይ የሰመራን መኪና ስትጠብቅ መቀመጥ አልሆን ብሏት ወዲያ ወዲህ ትንቆራጠጥ የነበረችው ኸሊዳ ቆም አለች። ያን ደወል የሆነ የሐዲድ ቁራጭ እንዲያ የሚደበድብ ከእትዬ ካሰች በቀር ማን አለ? እሷንም ፊደል ያስቆጠሯት እርሳቸው ናቸው።

ገባች። ገና ሰላምታ ሳትሰጥ ዓይኗ የሱቀኛዋ የሐያት ልጅ ረድዋን ላይ አረፈ፤ ግራ እጁ በሻሽ ከወገቡ ጋር ታስሯል።

«እትዬ፣ ይህ ምን አጠፋ?»

«ግራኝ ሆነብኛ! እናቱም በቀኙ ይልመድ ብላኛለች። ይልቅ የኔን ጉድ ስሚ፤ የሙያ ፈቃድ ካላወጡ ከመስከረም ጀምሮ አያስተምሩም አሉኝ። እኔን! የባቡር ጣቢያውን ሠራተኛ ልጅ ሁሉ ያስቆጠርኩትን! ሕፃን ለመጠበቅ ደግሞ ምን ኮሌጅ ያስፈልጋል?»

«መጠበቅማ ዘበኛም ይጠብቃል።»

«አፍሽ አድጓል! ሰመራ ኮሌጅ ይህን ነው የሚያስተምሩሽ?»

«ሌላም አለ፣ እትዬ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው የመግቢያ ፈተና አልፎ የሕፃንን የአእምሮና የአካል ዕድገት ይማራል፤ ክፍል ገብቶም በነባር መምህር ዓይን ሥር ይለማመዳል። ፈቃዱ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ምዘናውን ሲያልፍ ነው።»

«ወረቀት!»

ኸሊዳ ጆሮዋ መንገዱ ላይ እንደሆነ ጠመኔ አነሣች። «እስቲ ስምዎን በግራ እጅዎ ይጻፉልኝ።»

ካሰች እየሳቁ ተቀበሏት። «ካ» ተንጋደደች፣ «ሰ» ተንሻፈፈች፣ ጠመኔው ተሰበረ። ልጆቹ በሳቅ አውካኩ። ካሰች በቁጣ ሲዞሩ ያልሳቀ አንድ ልጅ ብቻ አዩ፤ ረድዋን አንገቱን ደፍቷል።

«እሱ ዘወትር እንዲህ ሆኖ ነው የሚውለው» አለች ኸሊዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲበላ በቀኙ ይብላ፣ ደንባችን ነው። እርሳሱን ግን በሚታዘዝለት እጅ ይያዝ። ወላሂ፣ ሳልማር ብቀጠር ኖሮ እኔም አስረው ነበር።»

ካሰች ጎንበስ ብለው ሻሹን ፈቱ። ልጁ ጠመኔውን በግራው ያዘና ሰሌዳው ላይ የጅቡቲ መኪና ሣለ፤ ተሳቢው እንኳ አልቀረም።

«እኔ ደግሞ ሰነፍ ነው ስል!» ካሰች ወደ ኸሊዳ ዞሩ። «ተረታሁ፣ ልጄ። አሥራ ሁለተኛን እኔም ጨርሻለሁ እኮ። ዕድሜ ይከለክል ይሆን?»

«እኛ ክፍል እርስዎን የሚያክሉ አሉ። ምዝገባው ግን ነገ ያበቃል።»

እውነትም ልጅ መውደድ ብቻውን መምህር አያደርግም። የሠለጠነ መምህር ከመቆጣቱ በፊት ምክንያቱን ይፈልጋል፤ የተቸገረውን ልጅ ሰነፍ አይለውም። ልጁም ትምህርትን ሳይጠላ አንደኛ ክፍል ይደርሳል፤ ወላጅም ልጁን ለማን እንደሰጠ አውቆ በሰላም ሥራው ላይ ይውላል።

የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። ኸሊዳ ቦርሳዋን ልታነሣ ስትጣደፍ ካሰች ቀደሟት። ሻሹን አራግፈው ራሳቸው ላይ አሰሩ፣ የሐዲዱን መምቻ እጇ ላይ አኖሩላት፣ በሩንም ከፍተው ወደ ሰመራው መኪና ሄዱ።