የሁለት ነጭ ባቄላ ልጅ

መቅደላዊት ከታክሲ ወርዳ ከእንጦጦ ፓርክ በታች ያለውን ዳገት ስትጀምር ጎረቤታቸው አቶ ሣህሌ ከላይ ሲወርዱ አገኘቻቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ያበበ ባቄላ በእጃቸው ጨብጠዋል።

«ደህና ዋሉ፣ ጋሽ ሣህሌ? ወዴት ነው?»

«ቄሱ ዘንድ። እናትሽ ታቦት ፊት ይማሉልኝ። ባቄላዬ አበባው ወተት የመሰለ ነጭ ነበር። ዘንድሮ ግን ይኸው፣ እኩሌታው ክንፉ ላይ ጥቁር ነጥብ አወጣ። ዘሬን አበላሹብኝ።»

መቅደላዊት ደሟ ፈላ። ዕድሜ ልካቸውን በአንድ አጥር የኖሩ ሰዎች በአበባ ነጥብ ሊማማሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም። ሰው ያልገባውን ነገር ሁሉ ክፋት ለማለት ምን ያስቸኩለዋል? በእርሻ ትምህርት የተመረቀችው ለዚህ ቀን ኖሯል።

«የእማዬስ ባቄላ አበባው ምን ነበር?»

«ነጭ ነዋ! ነጭና ነጭ ጥቁር አይወልድም። ሌላ ዘር ደባልቀውብኛል።»

«ይወልዳል።»

«እናትሽ ስለሆኑ ነው።»

መቅደላዊት ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ብቅል አለዎት እንበል፤ ጌሾ የለዎትም። ጠላ ይወጣልዎታል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አይወጣም።»

«እማዬ ደግሞ ጌሾ አላት፣ ብቅል የላትም።»

«እሳቸውም አይጠምቁም።»

«ባቄላም ጥቁሩን ቀለም ለመሥራት ሁለት ዘረመል ያስፈልገዋል። የእርስዎ አንዱ ጎድሎት ነጭ ሆነ፤ የእማዬ ሌላው ጎድሎት ነጭ ሆነ። ንብ ስታዳቅላቸው ልጅየው ከአንዱ ብቅሉን፣ ከሌላው ጌሾውን አገኘ።»

አቶ ሣህሌ አበባውን አገላብጠው አዩት። «ጠላው ወጣ በይኛ።»

«ወጣ።»

«ንቧን ታዲያ ማን ያስምላታል?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ለስልሷል። «ነጩ ዘሬ በዚሁ ቀረ?»

«አልቀረም። ይህንኑ መልሰው ቢዘሩት አንዳንዱ ነጭ ይወጣል። ንጹሑን ለማቆየት ግን ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ዘር ዝሩ፤ ያኔ ንብ ብትመላለስም አይጎዳችሁም። ለዚህ መነጋገር ይበቃል፣ ጋሽዬ። መሐላ ምን ያደርጋል?»

አብረው ዳገቱን ወጡ። እናቷ ወይዘሮ ወለተማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው ከበራቸው ሲወጡ ደረሱባቸው፤ በእጃቸው ጥቁር ነጥብ ያወጣ ባቄላ ጨብጠዋል።

«መቅዲ፣ ቄሱ ዘንድ መሄዴ ነው። ይህ ሰውዬ ዘሬን...» አሉና አቶ ሣህሌን ሲያዩ ባቄላውን ወደ እሳቸው ቀሰሩ።

መቅደላዊት ዓይኗን ጨፈነች። እንደገና ከብቅሉ ልትጀምር ነው።

«ተይ ልጄ፣ አንቺ ደክሞሻል» አሉ አቶ ሣህሌ፤ ወደ ጎረቤታቸውም ጠጋ አሉ። «ወይዘሮ ወለተማርያም፣ እስቲ ቤትዎ ጌሾ አለ?»