ቅቤው በእርጥብ ጨርቅ፣ ልጁ በብርድ ልብስ

ባለፈው መጋቢት ከደጋው ጎባ ወደ ቆላው ደሎ መና በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ አዴ እታለማሁ ከሚባሉ ቅቤ ነጋዴ ጎን ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት አንተዋወቅም፤ “አዴ” በኦሮምኛ እማማ እንደማለት ነው። እኔ የአካባቢ ጤና ተምሬ ሮቤ እሠራለሁ። እሳቸው የልጃቸውን ልጅ ኪያን ወደ እናቱ እየወሰዱት ነበር። ኪያ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ሹራብ ለብሷል፣ በሹራቡ ላይ ካፖርት፣ በካፖርቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ ጭንቅላቱ ላይ የሱፍ ኮፍያ። ከሴትየዋ እግር ሥር አንድ ባልዲ ቅቤ ተቀምጧል።

መንገዱ መጀመሪያ በሚያቋርጠው ከፍተኛ አምባ፣ ሳነቴ ላይ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ስለሚገባ መስኮቱ ሁሉ ሲዘጋ አልተቃወምኩም። ቁልቁለቱ ላይ ያለችውን የሪራ መንደር አልፈን፣ የሐረና ጫካ አልቆ ቆላ ስንገባ ግን መስኮቶቹ እንደተዘጉ ነበሩ። ሬዲዮው ስለ ቆላው ያልተለመደ ሙቀት ሲያስጠነቅቅ የሰነበተበት ሳምንት ነው። መኪናው ውስጥ መተንፈስ ሲያቅተኝ መስኮቴን ከፈትኩ።

“ዝጊው ልጄ፣ ነፋስ ይመታዋል” አሉ አዴ እታለማሁ።

“አዴ፣ አሁን የሚመታው ሙቀቱ ነው። ቢያንስ ብርድ ልብሱን ያንሱለት።”

“ሙቀት ማንን ገደለ? የበኩር ልጄን በሳንባ ምች የቀበርኩ እኔ ነኝ። የብርድን ነገር ለእኔ ተይው።”

ከኋላችን የተቀመጠው ዘይነዲን የሚባል የጨርቅ ነጋዴ እጁን አሳልፎ መስኮቴን ዘጋው። “ምሁሯ፣ ሙቀት የደገኛ በሽታ አይደለም። ሬዲዮው የሚናገረው ለቆለኞች ነው።”

“አሁን የት ያለን መሰለህ?”

“መኪና ውስጥ ነዋ” አለ፤ ተሳፋሪው ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። “ቆለኛው ለምዶታል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ ይፈልጋል፣ ውሃ ከአጠገቡ አያርቅም። እኛ ግን የጎባን ልብስ እንደለበስን ወርደን መስኮት እንዘጋለን። ላልለመደው ነው የሚብሰው፤ ከሁሉም ደግሞ ለሕፃንና ለሽማግሌ።”

ኪያ ያለቅስ ጀመር። ውሃ እንዲሰጡት ብለምናቸው አዴ እታለማሁ በትዝብት አዩኝ። “ላብ ላይ ውሃ? ሳንባውን እንዲመታው?”

ይህ እምነት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ስንቱን ሕፃን ውሃ እያለ በጥም እንዳስለቀሰ ግን እገምታለሁ፤ ብሽቅ ያደርገኛል። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ዝም አለ።

“ይኸው፣ አንቺ ዝም ስትዪ እሱም ተኛ” አሉኝ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው የውሃ ጠርሙስ ከፈቱና ባልዲው የተጠቀለለበትን ጨርቅ አራሱት። ሾፌሩንም “ሻፊ፣ ያንተን መስኮት ዝቅ አድርግልኝ፤ ቅቤዬ ሊቀልጥ ነው” አሉት። ሻፊ ያለ አንዳች ክርክር ዝቅ አደረገው። ለልጅ የተከለከለ መስኮት ለቅቤ ተከፈተ።

ንዴቴን ውጬ ጠየቅኳቸው። “ባልዲውን ለምን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉት?”

“እንዳይቀልጥ ነዋ። ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምርም?”

“በብርድ ልብስ ቢጠቀልሉትስ?”

“የትኛዋ እብድ ናት ቅቤ በብርድ ልብ...”

አልጨረሱትም። እጃቸው ወደ ኮፍያው ሄደ። ሲያወልቁት የኪያ ፊት ቀልቷል፣ ግንባሩ እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ አንገቱ ዘንበል ብሏል። “ኪያ? ኪያ ኮ? የኔ ኪያ?” ልጁ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ከደነው። ልጁ አልተኛም ነበር፤ እየደከመ ነበር።

ሻፊ ግራር ጥላ ሥር አቆመ። ልብሱን ሁሉ አወለቅንለት። አዴ እታለማሁ የቅቤውን ጨርቅ ከባልዲው ላይ መንጭቀው ገላውን በእሱ ያብሱ ጀመር፣ እኔ በነጠላዬ አራገብኩ። ዘይነዲን ሳይጠየቅ ውሃውን አመጣ። ኪያ አልቅሶ ዓይኑን በደንብ እስኪገልጥ ድረስ ግን ውሃ በአፉ አላስገባንም፤ ራሱን ላልያዘ ሰው ውሃ ማጠጣት ያንቃል። ከዚያ ጥቂት በጥቂት አጠጣነው፤ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን ወደ ጤና ጣቢያ በረርን። ቅቤው መንገድ ላይ ሟሟ፤ ዞር ብሎ ያየው የለም።

ልጁን መርምረው በሕይወት እንደሚተርፍ ሲነግሩን አዴ እታለማሁ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። “ብርድ ነው የሚገድለው ያሉኝ ሰዎች አልዋሹኝም” አሉ። “ግን የነገሩኝ ጎባ ተቀምጠው ነው። በይ፣ ለሌላው የምናገረውን ንገሪኝ።”

“ወደ ቆላ ሲወርዱ ሪራ ላይ ልብስ ይቀንሱ፣ መስኮት ይክፈቱ። ሳይጠማዎት ውሃ ይጠጡ፣ ለሕፃኑም ቶሎ ቶሎ ይስጡት። ከተቻለ በማለዳ ይጓዙ። ሰው ራሱን ካዞረው፣ ከቀባጠረ ወይም ሰውነቱ እየነደደ ከደከመ ወደ ጥላ ወስዶ ማራቆት፣ ማራስ፣ ማራገብ፤ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ማድረስ።”

“ሳነቴ ላይ ሸፍን፣ ሪራ ላይ ግለጥ” አሉ ለራሳቸው። እኔ በብዙ ቃል ያልኩት ይኸው ነበር።

ዛሬ ሻፊ መስኮቶቹ ሳይከፈቱ ከሪራ አይነሳም። መንገደኛው ራሱን ሳያመው ይደርሳል፣ ሽማግሌው በእግሩ ይወርዳል፣ ሕፃኑ ነቅቶ እናቱን ያያል። ትርፉ ይህ ነው፤ ወጪው መስኮት መክፈት ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጎባ መናኸሪያ አዴ እታለማሁን አየኋቸው። ወደ ደሎ መና የምትሄድ አንዲት እናት ልጇን እስከ ዓይኑ ሸፍናለች፤ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ስለ ሪራ ይነግሯታል።

“ነፋስ ቢመታውስ፣ እማማ?”

“ነፋስ ሲመታው ያለቅሳል” አሏት። “አንቺ ዝም ያለውን ፍሪ።”