የገጽ ስልሳ አንዷ ሴት

ዝናቡን ሳትፈሩ ለቀብር የወጣችሁ ወዳጆቻችን፤ እኔ አደም ስኩጋል የእህቴን ባል የሚስተር ሙንጎ ሄስሎፕን ዜና ሕይወት እንዳነብ ቤተሰቡ ስላዘዘኝ፣ በሕይወት ሳሉ አንድ ገጽ እንኳ ቁጭ ብለው አስጨርሰውኝ የማያውቁት ሰው ዛሬ ሳይነሡ እንደሚያዳምጡኝ በማመን እጀምራለሁ።

ሚስተር ሙንጎ ከሸማኔው ዋት ሄስሎፕና ከኢሶቤል ተርንቡል በ1779 ዓ.ም. በጄድበራ ተወለዱ። የአጥቢያው መምህር የስኮትላንድን አፍ ሲናገር የተገኘውን ሁሉ መዳፉን በጠፍር ይገርፉ ስለነበር፣ እርሳቸውም የእናታቸውን ንግግር ደጅ ጥለው መግባትንና እንደ ለንደን ሰው መናገርን በጊዜ ተማሩ።

ከዚያም ወደ ኤዲንብራ መጥተው የጠበቃ ጸሐፊ በመሆን ክስ እየገለበጡ፣ በትርፍ ጊዜያቸው አይጥ ያልጨረሳቸውን የጥንት የአገራችንን ግጥሞች ማሰባሰብ ጀመሩ። በ1811 ዓ.ም. እህቴን ግሪዘልን አገቡ፤ በሠርጋቸው ማግስት የአጃ ገንፏቸውን የበሉት ቆመው እንደነበር እርሷው አጫውታኛለች።

በ1824 ዓ.ም. ስሙ ያልታወቀ ባለቅኔ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የጻፈውን ረጅም ግጥም፣ ለለንደን አንባቢ የሚሆን ማብራሪያ ጨምረው፣ በአንድ የጥንታዊ መጻሕፍት ወዳጆች ማኅበር አማካይነት በመቶ ስልሳ ቅጂ አሳተሙና የመጀመሪያውን ለእናታቸው ወስደው አነበቡላቸው። በግጥሙ ውስጥ አንዲት ሴት የልጇ አስከሬን ካለበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ «ግሪት» አደረገች ይላል። ይህ ቃል በእንግሊዞች አፍ ሰላምታ መስጠት፣ በእኛ ግን ማልቀስ ነው፤ ሚስተር ሙንጎ ደግሞ በገጽ ስልሳ አንድ ማብራሪያ ላይ «ለቤቱ ሰዎች በትሕትና ሰላምታ ሰጠች» ብለው ጽፈው ነበር።

እናታቸው የሚሠሩትን ሹራብ አስቀምጠው፣ «ሰላምታ? ልጇ ተጋድሞ? እያለቀሰች እኮ ነው፣ አንተ ሰው! ኤዲንብራ አፍህን አጠበልህ ብለን ዝም ብንል ጆሮህንም አጥቦ ደፋው?» አሉ። ሹራቡን መልሰው እያነሡም፣ «ያቺን ሴት እንዲህ አድርገህ አትተዋት» አሏቸው። በረዶው ሳይቀልጥ እናቲቱ ዐረፉ።

ከዚያ ወዲያ የአማቼ እግር አልተቀመጠም። የቀለም ብልቃጥ በኪሳቸው ይዘው መጽሐፉ ከገባበት ቤት ሁሉ እየሄዱ፣ «ሰላምታ ሰጠች» የሚለውን ሰርዘው «አለቀሰች» ብለው እየጻፉ፣ የቀረበላቸውን ሾርባ ሳይቀምሱ ይወጡ ነበር። አንድ ባለርስት መጽሐፌን ሊያበላሽ መጣ ብሎ ውሻ ቢለቅባቸው፣ በሳምንቱ ተመልሰው ሄደው አረሙት። እኔም አንዴ መሮኝ፣ ያንን ማብራሪያ ያነበበ ሦስት ሰው እንኳ አይኖርም አልኳቸው። «አደም፣ እሷ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ ቆማ ሰላም እያለች ነው» አሉኝ፤ ባርኔጣዬን አንሥቼ ተከተልኳቸው።

ባለፈው ክረምት ሳንባቸው ታመመ። መቶ ሃምሳ ዘጠኙ ታርመው አንዱ ብቻ ቀርቶ ሳለ፣ እርሱም በሰሜን ባሕር ደሴት ላይ ባለችው በሌርዊክ በአንድ የሟች መርከበኛ ቤት እንዳለ በየካቲት ደብዳቤ መጣ። ከአልጋ ተነሥተው እስከ ኤዲንብራ ወደብ እስከ ሊዝ ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ ልጃቸው ማሪዮን ማዕበል ያስቀራትን መርከብ ሲጠብቁ አግኝታ መለሰቻቸው። መጋቢት ዘጠኝ ቀን ረፋድ ላይ ነፋሱ ጋብ ማለቱን ለማየት ወደ መስኮቱ እንደተራመዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

ሚስተር ሙንጎ ባለቤታቸውን ግሪዘልን፣ ልጆቻቸውን ዩፌሚያንና ማሪዮንን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ በሌርዊክም ያልታረመች አንዲት ሴትን ትተው አልፈዋል። ሐሙስ መርከብ አለ፤ ብልቃጡን ማሪዮን ይዛዋለች።

በቤተ ክርስቲያናችን ለሙት መጸለይ ልማድ አይደለም፤ ቄሳችን ይቅር ይበሉኝና፣ መቀመጥ ላልሆነላቸው ለዚህ ሰው ነፍስ እግዚአብሔር ዕረፍትን ይስጥልን። እህቴ ግሪዘል ከማለዳ ጀምሮ ደጃፍ ላይ ቆማ እያንዳንዳችሁን በሰላምታ ስትቀበል ቆይታለች። ይበቃታል፤ ታልቅስ።