ተጠባባቂውን መስመር ያሳረፉት ኢንጂነር ጋዲሴ ቀንዓ

ኢንጂነር ጋዲሴ ቀንዓን ለመሸኘት ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪና ከአዲስ ዓለም የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ እንድናሰማችሁ ፍቀዱልን።

ኢንጂነር ጋዲሴ ከአባታቸው ከኦቦ ቀንዓ ሆርዶፋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ማርያም ረጋሳ በ1978 ዓ.ም. በጉደር ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በጉደር፣ ሁለተኛ ደረጃውን በአምቦ ከተከታተሉ በኋላ፣ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀው ለጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ ሠሩ። በ2002 ዓ.ም. ከመምህር ሮብሳን ጉታ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሚስጥርና አመዩ የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በ2006 ዓ.ም. በራሳቸው ጥያቄ ወደ አምቦ ተዛውረው፣ ከአዲስ ዓለም እስከ ጉደር የተዘረጋውን የፋይበር መስመር የመጠበቅ ኃላፊነት ተረከቡ። ዋናው ቢቆረጥ ስልክና ኢንተርኔት እንዳይቋረጥ በሌላ አቅጣጫ የተዘረጋ ተጠባባቂ መስመር ነበር፤ ዳሩ ግን መሣሪያዎቹ ያለ ሥራ የዋናውን ያህል ኃይል ስለሚበሉ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የጣቢያዎቹ ባትሪ ቶሎ እያለቀ፣ ጄኔሬተሩም ነዳጁን እየጨረሰ፣ ሁለቱም መስመሮች አብረው ጸጥ ይሉ ነበር። ኢንጂነር ጋዲሴ ተጠባባቂው እስኪፈለግ ድረስ ማረፍ አለበት ብለው ተነሡ፤ ለሁለተኛ ዲግሪያቸው ያጠኑትም ይህንኑ ነው።

አለቆቻቸው ያረፈው መሣሪያ በጭንቅ ሰዓት ባይነቃስ ብለው ሠጉ፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። ጊንጪ ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ፣ ዋናው መስመር ሆን ተብሎ ሲቋረጥ፣ ጨርሶ ጠፍቶ የነበረው የተጠባባቂው መሣሪያ በፋይበሩ የሚልከውን ብርሃን እስኪያስተካክል ዘግይቶ ከተማው ረፋዱን ያለ ግንኙነት ቆየ። ብዙዎች ነገሩን እንዲተዉት ሲመክሯቸው፣ እርሳቸው በስብሰባው መካከል ተነሥተው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስተካክዬ እመለሳለሁ» አሉ። ከባልደረባቸው ከአቶ ያሕያ ሙሂዲን ጋር ከጣቢያ ጣቢያ እየተመላለሱ፣ በጭልሞ ደን ጭቃ መኪና እየገፉ ብዙ ወራት ከደከሙ በኋላ፣ መሣሪያው ከመጥፋት ይልቅ በጥቂት ኃይል እያንቀላፋ እንዲጠብቅ፣ ዋናው ሲቆረጥም ወዲያው እንዲነቃ አደረጉ።

ሥራው በሁሉም ጣቢያዎች ሳይዳረስ የጡት ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ። ሕክምናቸውን እየተከታተሉ፣ ሻል ባላቸው ቁጥር ወደ ሥራቸው እየተመለሱ ፈጸሙት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ጊንጪ አካባቢ መሬት ተንሸራቶ ዋናውን መስመር በጠሰው፤ መብራትም አብሮ ጠፋ። እርሳቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ አቶ ያሕያ ከአምቦ ደውለው፣ «አዴ ጋዲሴ፣ አሁን የምንነጋገረው በተጠባባቂው ነው» አሏቸው። አጠገባቸው የነበሩት ባለቤታቸው እንደሚሉት፣ ዓይናቸው እንባ ቢሞላም ድምፃቸው ሳይሰበር፣ «በሉ ዋናውን ጠግኑ፤ ባትሪው እስከ መቼ ይቆያል?» ብለው መለሱ። ባትሪውም ጥገናው እስኪያልቅ ቆየ።

ኢንጂነር ጋዲሴ በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ወላጆቻቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተውልናል። ከሥራ ባልደረቦቻቸውም ዛሬ በመካከላችን የሌሉ አሉ፤ ለቀብሬ ብላችሁ ጣቢያውን ባዶ እንዳታደርጉ ብለው አደራ ስላሏቸው፣ በዚህች ሰዓት ተረኛ ሆነው መስመሩን እየጠበቁ ናቸው።

እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ በደጋጎች ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።